የአሜሪካ አሮጌ የብር ማንኪያዎች፦ ጀርባቸው ላይ ያለውን ምልክት እንዴት እናንብበው?

ነዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዓይነት የአሜሪካ ማንኪያ ይዣለሁ፤ የሦስቱም ምልክት ግራ አጋብቶኛል። ያየሁትን እንዳለ ላስቀምጠው።

አንደኛ፦ ስድስት የሻይ ማንኪያዎች። ርዝመታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ከ16 እስከ 18 ግራም ይመዝናል። የእጀታቸው ጫፍ እንደ ቫዮሊን ሰፋ ብሎ ትከሻ አለው። ጀርባቸው ላይ ሦስት ጥቃቅን ማኅተሞች በተርታ ተመትተዋል፦ ንስር፣ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ የሰው ራስ። የመጀመሪያው ፊደል ኤ ነው፤ ሁለተኛው ሲ ይሁን ጂ መለየት አልቻልኩም። ከእነዚህ ራቅ ብሎ ደግሞ የሆነ ሰው ስም ሙሉውን ተጽፏል፤ ግማሹ ግን ተፍቋል። ስተርሊንግ (ከሺህ 925 እጅ ንጹሕ ብር ማለት ነው) የሚል ቃል የትም የለም። ፊት ለፊት እጀታው ላይ ሌላ ሦስት ፊደል ተቀርጿል።

ሁለተኛ፦ አንድ ትልቅ ማንኪያ። «1847 ሮጀርስ ብሮስ» ይላል፤ አጠገቡ «ኤ 1» አለ። 1847 የተሠራበት ዓመት ነው?

ሦስተኛ፦ አንድ ጌጠኛ ማንኪያ። አንበሳ፣ መልህቅና በጎቲክ አጻጻፍ የተጻፈ ጂ አለው፤ ከጎኑ «ስተርሊንግ» እና «ፓት 1895»። አንበሳና መልህቅ ካለ የእንግሊዝ በርሚንግሃም ሥራ ነው የሚለኝ ሰው አለ።

ሁሉም ጠቁረዋል። ለማንበብ እንዲመቸኝ መጀመሪያ ልወልውላቸው ብዬ አስቤያለሁ።

አጉሊ

መወልወሉን ተወው! ፊደሎቹ መስመር ውስጥ የገባው ጥቁረት ነው እንዲነበቡ የሚያደርጋቸው። ሶዳና አሉሚኒየም ፎይል ያለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከርም እንደዚያው ነው፤ ጥቁረቱን ከስንጥቁ ሁሉ ያወጣውና ማኅተሙ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ይቀራል። የብር መወልወያ ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ ዱቄት በእያንዳንዱ ውልወላ ጥቂት ብር ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ፊደልህ ሲ ይሁን ጂ የማይለየው አንድ ሰው መቶ ዓመት ሙሉ በደንብ ስለወለወለው ሊሆን ይችላል።

ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠብ፤ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ አድርቅ። ከዚያ ክፍሉን አጨልምና አንድ ትንሽ መብራት ከጎን አብራ። መብራቱ ከላይ ከሆነ ብር ሁሉንም መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ምንም አይታይም፤ ከማንኪያው ወለል ጋር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን የፊደሉ ጠርዝ ጥላ ይጥላል። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር በቂ ነው። ማንኪያውን ቀስ እያልክ ሙሉ ዙር አዙረው፤ ከአንዱ ወገን የጠፋው መስመር ከሌላው ወገን ብቅ ይላል።

ይህ ካልበቃ ጥቂት ታልከም ፓውደር በጣትህ ማኅተሙ ላይ አሽተህ ትርፉን በጨርቅ ጥረግ፤ ዱቄቱ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ጨርሰህ በውሃ እጠበው።

ስድስት ማንኪያ መኖሩ ትልቅ ዕድል ነው። ሠሪው ማኅተሙን እያንዳንዱ ላይ በመዶሻ ስለመታው አንዱ ላይ ግራው ጎን ደብዝዟል፣ ሌላው ላይ ቀኙ። ስድስቱን አሰልፈህ ከሁሉም የሚታየውን ቁራጭ ወረቀት ላይ እየሣልክ አሟላው። የማኅተሙ መምቻ ብረት ነጥሮ ሁለት ጊዜ ሲያርፍ መስመሮቹ ይደረባሉ፤ እንዲህ ያለ ድርብ ምት ነው ሲን ጂ የሚያስመስለው። ስለዚህ በአንድ ማንኪያ ብቻ አትፍረድ።

አንድ ነገር ደግሞ መዝግብ፦ ፊደላቱ በጎደጎደ ሳጥን ውስጥ ከፍ ብለው የቆሙ ናቸው ወይስ ራሳቸው ወደ ውስጥ የሰመጡ? የሳጥኑስ ቅርጽ ምንድን ነው፤ አራት ማዕዘን፣ ሞላላ፣ ጠርዙ የተጠረበ? ሁለት ሠሪዎች አንድ ዓይነት ፊደል ሲጠቀሙ የሚለያዩት በዚህ ነው።

የፊላደልፊያ ወዳጅ

ስለ መጀመሪያዎቹ ስድስት።

የእንግሊዝን ሥርዓት የለመደ ሰው ሦስት ማኅተም በተርታ ሲያይ «አንዱ ከተማው፣ አንዱ ዓመቱ፣ አንዱ የብሩ ጥራት» ይላል። አሜሪካ ውስጥ ይህ አይሠራም። ብሩን መርምሮ የሚያትም አገር አቀፍ ቢሮ ኖሮ አያውቅም። በሕግ የቆመ የምርመራ ቢሮ የነበራት ባልቲሞር ናት፤ እሷም ከ1814 እስከ 1830 ብቻ። ሌላው ቦታ ንስሩ፣ ኮከቡ፣ የሰው ራሱ፣ የስንዴ ነዶው ሁሉ ሠሪው ራሱ የመረጠው ጌጥ ነው። ገዢው የእንግሊዝ ብር ማኅተም ማየት ስለለመደ እሱን የሚመስል ነገር አተሙለት። ስለ ጥራቱ የሚመሰክሩት ነገር የለም፤ የሠሪ መለያ ሆነው ግን በደንብ ያገለግላሉ፤ አንድ ሠሪ ያንኑ ጥምረት ለዓመታት ይደጋግመዋልና።

ንስር፣ መሃል ላይ ኤ እና ሲ፣ ከዚያ የሰው ራስ፦ ይህ ጥምረት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ኒው ዮርክ ውስጥ ይሠራ የነበረው የአልበርት ኮልስ ነው። ሁለተኛው ፊደል ሲ መሆኑ ከተረጋገጠ መልስህን አገኘህ። ጂ ከሆነ ግን ኮልስን እርሳው። ንስርና ራስ ስላየህ ብቻ ስሙን አትስጠው፤ ንስር ያልተጠቀመ ሠሪ ከመፈለግ የተጠቀመውን መቁጠር ይከብዳል።

የብሩ ጥራትስ? ስተርሊንግ አለመባሉ አያስደነግጥም። እስከ 1860ዎቹ ድረስ የአሜሪካ አንጥረኛ በአብዛኛው የሚሠራው በሳንቲም ብር ደረጃ ነበር። የአገሩ የብር ሳንቲም ከ1792ቱ ሕግ ጀምሮ ከሺህ 892.4 እጅ ንጹሕ ብር ነበረው፤ በ1837 ወደ 900 ከፍ አለ። አንዳንዱ ሠሪ «ኮይን»፣ «ፑር ኮይን»፣ «ዶላር» ወይም «ስታንዳርድ» ብሎ ያትማል፤ ሲ ወይም ዲ ብቻ የሚመታም አለ። ብዙው ግን ምንም አይልም። ተቆጣጣሪ ስላልነበረ ሲመረመር ከ900 ዝቅ የሚል ማንኪያ ብታገኝ ብርቅ አይደለም። ትልልቆቹ የብር ዕቃ ኩባንያዎች፣ ቲፋኒ በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ጎርሃም ደግሞ በ1868 ወደ 925 ከተሻገሩ በኋላ ነው ስተርሊንግ የሚለው ቃል የተለመደው።

ባልቲሞርን ካነሳን አይቀር፦ «11» ከአውንስ ምህጻረ ቃል ጋር ብታይ 12 አውንስ ካለው ፓውንድ ውስጥ 11ዱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው፤ ከሺህ 917 ገደማ። «10.15» ካየህ ደግሞ 10 አውንስ ከ15 ፔኒዌይት ነው (20 ፔኒዌይት አንድ አውንስ ነው)፤ 896 ገደማ። የባልቲሞሩ አንጥረኛ የሳሙኤል ኪርክ ዕቃዎች ላይ ይህን ዓይነት ቁጥር ታገኛለህ። ቀን ነው፣ የሞዴል ቁጥር ነው እያሉ የሚገምቱ ብዙ ናቸው።

ቅርጻ ቅርጽ

እኔ ግን ሠሪው ረጅሙ ስም ነው እላለሁ። ሰው ስሙን በሙሉ የሚጽፈው በራሱ ሥራ ላይ አይደል?

የፊላደልፊያ ወዳጅ

@ቅርጻ ቅርጽ፣ ለ18ኛው መቶ ዘመን ብትል እስማማ ነበር። ያኔ ቦስተን ውስጥ «ሪቪር» በአራት ማዕዘን ሳጥን የተመታበት ማንኪያ ሠሪው ራሱ ፖል ሪቪር ነው (ማኅተሙ እውነተኛ ከሆነ)። በቫዮሊን ቅርጹ ዘመን ግን ነገሩ ተቀይሯል። የኒው ዮርኩ ዊልያም ጌል በ1826 ማንኪያን በተቀረጸ ሮለር አትሞ የማውጣት ፓተንት (የፈጠራ መብት) አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ በትልቅ ከተማ ያለ ወርክሾፕ ለመቶ ትንሽ ከተማ የሚበቃ ማንኪያ ማውጣት ቻለ። የትንሽ ከተማው ሰዓት ጠጋኝና ጌጣጌጥ ሻጭ በጅምላ ይገዛና የራሱን ስም ይመታበታል።

ስለዚህ አንድ ማንኪያ ላይ ሁለት ስም ሲገናኝ፣ ትንሹና በምልክት የታጀበው የሠሪው፣ ረጅሙና ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ የሰመጠው የሻጩ ነው። ማኅተሞቹ በአንድ እጅ ያልተመቱ መሆናቸውንም ታያለህ፤ ጥልቀታቸውም መስመራቸውም አይገጥምም። አንዳንዴ ሻጩ የሠሪውን ማኅተም ሆን ብሎ ይመታበትና ይሸፍነዋል።

ሻጩ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ዘመኑን የሚነግርህ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የሽርክና ስሞች በተለይ ወርቅ ናቸው፤ ሸሪክ በገባና በወጣ ቁጥር ማኅተሙ ይለወጣል። ኒው ዮርክ ላይ «ቦል፣ ቶምፕኪንስ ኤንድ ብላክ» የሚል ካየህ ከ1839 እስከ 1851 ነው፤ «ቦል፣ ብላክ ኤንድ ኩባንያ» ካለ ደግሞ ከ1851 እስከ 1874። የትንሽ ከተማ ሻጭን ለማግኘት በየዓመቱ ይታተሙ የነበሩትን የከተማ የነጋዴ ማውጫዎች ተመልከት፤ ስሙ የገባበትና የወጣበት ዓመት እዚያ አለ።

እጀታው ፊት ያለው ሦስት ፊደል የባለቤቱ ነው፤ ሠሪ ፊደሉን አይቀርጽም፣ ይመታል። የተቀረጸ መስመር በመሣሪያ ተፍቆ ስለሚወጣ መጀመሪያውና መጨረሻው ይቀጥናል፤ የተመታ ፊደል ዳር ዳሩ እኩል ነው።

ሚዛን

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። 1847 የማንኪያው የልደት ዓመት አይደለም፤ የንግድ ስሙ አካል ነው። ሮጀርስ ወንድማማቾች በብር መለበጥ የጀመሩበትን ዓመት ያስታውሳል፤ ሜሪደን፣ ኮነቲከት ያለው ሜሪደን ብሪታኒያ ኩባንያ ከ1862 ጀምሮ ስሙን ወስዶ ያትመው ጀመር። በ1898 ኢንተርናሽናል ሲልቨር ሲቋቋም ስሙ አብሮ ሄደ፤ በ20ኛው መቶ ዘመንም ያንኑ 1847 እየመቱ ቀጠሉ። ስለዚህ ዘመኑን ከእጀታው ንድፍ እንጂ ከቁጥሩ አትፈልግ።

«ኤ 1» የልባጩ ደረጃ ነው። መደበኛው ደረጃ ለ144 የሻይ ማንኪያ 2 ትሮይ አውንስ (አንዱ 31.1 ግራም ነው) ብር ነበር። አካፍለው፦ ለአንድ የሻይ ማንኪያ 0.43 ግራም። ውስጡ ሌላ ብረት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኒኬል ሲልቨር የሚባለው የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ። ስሙ ሲልቨር ቢልም ቅንጣት ብር የለበትም፤ «ጀርመን ሲልቨር» የሚለውም ያው ነው። «ትሪፕል» (ሦስት እጥፍ) እና «ኳድሩፕል» (አራት እጥፍ) የሚሉትም የልባጭ ውፍረት ናቸው።

ምልክቱ ካልተነበበ አሲድ አትንካ። አሲድ የሚነግርህ ስለ ላዩ ነው፤ የተለበጠው ላይም «ብር» ይላል፤ እውነቱን ለማወቅ በሞረድ መቁረጥ ይኖርብሃል፣ ያ ጠባሳ ደግሞ አይጠፋም። በውሃ መመዘን ይሻላል።

0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን ይበቃል። ስድስቱን የሻይ ማንኪያ በስስ ናይለን ክር አንድ ላይ እሰርና መዝን፤ 102.6 ግራም ሆነ እንበል። አሁን ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠህ ቁጥሩን ዜሮ አድርግ። እስሩን በክር ይዘህ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አጥልቀው፤ የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። የሚታየው ቁጥር የተገፋው ውሃ ክብደት ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍል። የሳንቲም ብር ወደ 10.3፣ ስተርሊንግ ወደ 10.36፣ ኒኬል ሲልቨር ወደ 8.7 ይወጣል። በዚህ ምሳሌ ብር ከሆነ ሚዛኑ 10 ግራም ገደማ፣ ኒኬል ሲልቨር ከሆነ 11.8 ያሳያል፤ ልዩነቱ አያሳስትም።

የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ፦ አረፋ። ማንኪያ በማንኪያ ላይ ሲደረብ መሃላቸው አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ብሩን ቀላል ያስመስለዋል። ውሃው ውስጥ ጠብታ ሳሙና ጨምርና እስሩን ወዝወዝ አድርገው። አንድ ማንኪያ ብቻ አትመዝን፤ ለ17 ግራም ልዩነቱ 1.7 እና 2.0 ስለሆነ የሚዛኑ ስህተት ራሱ ይውጠዋል።

በዚህ ሚዛን ሳንቲም ብርን ከስተርሊንግ ለመለየት አትሞክር። 10.0 ግራም ካነበበ 10.26 ይወጣል፣ 9.9 ካነበበ 10.36፤ አንድ አሥረኛ ግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግርሃል።

አጉሊ

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ጎርሃም፣ ፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ። አንበሳ፣ መልህቅ፣ ጎቲክ ጂ የእሱ የንግድ ምልክት ነው። ከበርሚንግሃም ጋር መምታታቱ የቆየ ስህተት ነው፤ መልህቅ የበርሚንግሃም የምርመራ ቢሮ ምልክት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የእንግሊዙ አንበሳ ወደ ግራ ይራመዳል፣ የጎርሃሙ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀኝ። የበርሚንግሃም ማንኪያ የዓመት ፊደልና የሠሪው የስም መነሻ ፊደላት ይኖሩታል፤ እስከ 1890 ደግሞ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ። «ስተርሊንግ» የሚለው ቃል በሙሉ ተጽፎ መገኘቱም ወደ አሜሪካ ያመለክታል (አየርላንድ ውስጥ የኮርክ አንጥረኞች በ18ኛው መቶ ዘመን ጽፈውታል፤ ያንተ ግን 1895 ስለሚል እዚያ አንሄድም)።

«ፓት 1895» የንድፉ ፓተንት ዓመት ነው። ጎርሃም በዚያ ዓመት ያወጣው ታዋቂ ንድፍ ሻንቲዪ ነው፤ እጀታው ጫፍ ላይ የአበባ ሊሊ መሰል ጌጥ ካለው እሱን ከሥዕል ጋር አስተያይ። ንድፉ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስለተመረተ ማንኪያህ ከ1895 በፊት አልተሠራም፤ ከዚያ በላይ ቁጥሩ የሚናገረው ነገር የለም። ጎርሃም ከ1868 ጀምሮ የዓመት ፊደልና ምልክት ነበረው፤ እነሱን ግን ሳህንና ማሰሮ ላይ እንጂ ማንኪያ ላይ ብዙ አትጠብቅ። ምልክቶቹ ቀርተው «ጎርሃም ስተርሊንግ» ተብሎ በቃል ብቻ የተጻፈበት ይበልጥ የቅርብ ነው።

ነዶ (ጠያቂ)

መብራቱን ዝቅ አድርጌ በታልከም አየሁት። ከስድስቱ በአራቱ ላይ ሁለተኛው ፊደል ጥርት ያለ ሲ ነው፤ ጂ የመሰለኝ ሁለቱ ላይ ማኅተሙ ሁለት ጊዜ አርፏል። ስድስቱ አንድ ላይ 102.2 ግራም፣ በውሃ 10.0። ትልቁ ማንኪያ 62.4 ግራም፣ በውሃ 7.2።

ረጅሙ ስም ፊደሎቹ የሰመጡ ናቸው፤ ከሦስቱ ማኅተሞች ጋር በመስመርም አይገጥምም። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ አንዱ ማንኪያ ላይ ከማኅተሙ ትይዩ፣ በፊተኛው ገጽ እጀታው ላይ ትንሽ እብጠት አለ። ጉዳት ነው?

የፊላደልፊያ ወዳጅ

10.2 እና 8.7፤ ስድስቱ ብር፣ ትልቁ ልባጭ። ኮልስ ነው እንግዲህ።

እብጠቱ ጉዳት አይደለም፤ ደስ ይበልህ። ማኅተም ስስ እጀታ ላይ በመዶሻ ሲመታ ብረቱ ወደ ማዶ ይገፋል። በአሸዋ ቅርጽ ቀልጦ የተገለበጠ ሐሰተኛ ማንኪያ ይህ አይኖረውም። የእሱ ማኅተም ጠርዙ እንደ ሳሙና የለሰለሰ ነው፣ ሥሩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ወይም ኪንታሮት ይታያል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአንድ ቅርጽ የወጡት ሁሉ ያንኑ ጭረት በዚያው ቦታ ይይዛሉ። ሪቪር የሚል ማንኪያ ሲቀርብልህ መጀመሪያ የምትፈትሸው ይህን ነው፤ ቀጥሎ የማንኪያውን ቅርጽ። ሪቪር የሞተው በ1818 ነው፤ ስሙ የአበባ ቅርጫት ጌጥ ባለው የቫዮሊን እጀታ ላይ ተመትቶ ካየህ፣ ያ ጌጥ የ1820ዎቹና የ1830ዎቹ ነውና ዕቃውን ቀስ ብለህ መልስለት።

ሚዛን

ፊት ላይ ያለውን ሦስት ፊደል አስፍቀህ እንዳታስጠፋ ደግሞ። እጀታው እዚያ ቦታ ላይ ይሳሳል፣ በጣትና በአውራ ጣት መሃል ይዘህ ስታንሸራትተው ወዲያው ይታወቃል።

ነዶ (ጠያቂ)

አላስነካም። አሁን የተፋቀውን የሻጭ ስም በከተማ ማውጫ ልፈልግ፤ የመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት ተነብበውልኛል።

አጉሊ

ከመጨረሻ ፊደላት ከምትነሳ የጎደለውን ከስድስቱ ማንኪያ ለመሙላት ሞክር። ስስ ወረቀት ስሙ ላይ ዘርግተህ በለስላሳ እርሳስ አግድም አሽ፤ የስድስቱን ወረቀት አደራርበህ ወደ መስኮት ብርሃን ያዘው። አንዱ ላይ ያልወጣው ሌላው ላይ ይወጣል።